ሽማግሌ ፊት ያልቀረበው ገጽ

ካፌው ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው። እትዬ መዘውር፣ ከካፌው በላይ ባለው ክፍል የልብስ ስፌት መኪና የምትጠግነው ሴት፣ የክር ፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ የብረት ፔዳል ይዛ በደረጃው ቁልቁል አባራዋለች። ሥራ አስኪያጁ ድረ ገጿን ሊገዛት የመጣው ገንዘቡን በሦስት መኪና አስጭኖ ነው፤ የኋለኛው መኪና ከክብደቱ የተነሳ አስፋልቱን አርሶት ሄዷል። እሷ ግን ከመደርደሪያዋ ላይ አንድ ያረጀ ስልክ አንስታ፣ "ይህን ወንድሜን ትቼ የትም አልሄድም!" ብላ ማለች። ይህን የሰሙ ልብስ ሰፊዎች ከየአገሩ እያለቀሱ መዋጮ ላኩ። መዋጮው ከመብዛቱ የተነሳ የባንኩ ሰዎች ደውለው፣ "እባክሽ እህታችን፣ ካዝናው አልዘጋ አለን፣ ለዛሬ ይብቃን" ብለው ለመኗት። ኮምፒውተሩንም ቢሆን ማንም አላስተማራትም፤ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የስፌት መኪና ላይ ደፋ ብላ እንቅልፍ ሲወስዳት በሕልሟ ነው የተገለጠላት።

ወሬው የሚፈልቀው ከጋሼ ኮሌታ ጠረጴዛ ነው። ጋሼ ኮሌታ ከካፌው ቀጥሎ ባለው ሱቅ ሸሚዝ የሚሰፋ አዛውንት ነው፤ ኮሌታ በማጠፍ የሚያህለው የለም፣ ወሬ በመዘርጋት ግን ኮሌታውንም ያስንቃል።

ወሬው ቆንጆ ነው፣ ማን ይክዳል። ችግሩ ደረጃው ነው። ያንን ደረጃ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከመጥበቡ የተነሳ ወራጅ ትከሻውን ማዞር፣ ወፈር ያለ እንደሆነ ደግሞ ትንፋሹን መያዝ አለበት። እዚያ ላይ ሰው ማባረር አይቻልም፤ ተባራሪው መሃል ላይ ቆሞ "ቀስ በይ እንጂ፣ እግሬ ገና አልዞረም" ማለቱ አይቀርም። ፔዳሉም ያጠራጥራል። መዘውር የሚሠራ ፔዳል ሰው ላይ የምትወረውር ሴት አይደለችም፤ የማይሠራውን እንኳ ብሎኑን ሳትፈታ አትጥለውም። የሕልሙን ነገር ደግሞ ታናሽ እህቷ ታውቃለች። "እታለም እንቅልፍ ላይ የምታውቀው ሙያ ማንኮራፋት ብቻ ነው" ትላለች።

እውነቱን የፈለገ እንግዲህ ትንፋሹን ይዞ ይውጣ። ላይ ያለው አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ የስፌት መኪናዎች፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ መዘውር የሚያዞሩ ቀበቶዎች፣ ቺንጋዎች፣ በየጥጉ የማሽን ዘይት ሽታ። መዘውር የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። መኪና ሲመጣላት ምን ሆነ ብላ አትጠይቅም። ዓይኗን ጨፍና መዳፏን መዘውሩ ላይ ታሳርፍና ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች። "የታች ክሩ ቦቢን አኩርፏል" ትላለች። ወይም ደግሞ፣ "እሱስ ደህና ነው፤ ያመመው ባለቤቱን ነው፣ ዘይት ማጠጣት ረስቷል።"

ድረ ገጹም የተወለደው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት አባቱም እናቱም የማይታወቅ አንድ መኪና መጣላት። ሞዴሉን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ታግላ ታግላ አስነሳችውና፣ "ሌላ ሰው እንደኔ ፀጉሩን አይንጭ" ብላ አሠራሩን ከነፎቶው ኢንተርኔት ላይ አወጣችው። ገጽ የሚጻፍበትን ኮድ የተማረችው ሰው ሁሉ እንደሚማረው ነው፤ እየጻፈች፣ እየተበላሸባት፣ እየተሳደበች። ከጽሑፉ ሥር አንድ ልብስ ሰፊ ጥያቄ ጠየቀ። ሌላው መለሰለት። ሦስተኛው መጥቶ "ሁለታችሁም ተሳስታችኋል" አለ፤ በቃ፣ ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ የሙሽራ ቀሚስ መኪናው ጥርስ ውስጥ የተነከሰበት ሰው፣ ሙሽራዋ በር ላይ ቆማ እግሯን እየመታች፣ የሚሮጠው ወደዚያ ገጽ ነው። ሻዩ ሳይበርድ መልስ ያገኛል። ግማሹ መልስ ስድብ ነው፤ ግማሹ ግን መኪና ያስነሳል።

የማኅበሩ ሰዎች ታዲያ በየዓመቱ ስልክ የሚቀይሩ አይደሉም። ልጅ የሰለቸውን ስልክ አባት ይወርሳል፤ አባት የሰነጠቀውን አጎት ይወርሳል፤ አጎት ውኃ ውስጥ የጣለውን ልብስ ሰፊው ፀሐይ ላይ አስጥቶ ይወርሳል። እያንዳንዱ ስልክ ደግሞ የየራሱ ብሮውዘር አለው፤ ኢንተርኔቱ የሚታይበት መስኮት ማለት ነው። የአንዱ መስኮት ትልቅና ንጹሕ ነው፣ የሌላው ጠባብና ጭስ የጠገበ። ገጽ የሠራ ሰው በራሱ መስኮት ብቻ አይቶ "አምሯል" ካለ ጎረቤቱን ረስቷል።

መዘውር ይህን ለማስረዳት መርፌ ታነሳለች። "ይህችን መርፌ ከፈለግከው ሱቅ ግዛት። ባሕር ማዶ የተሠራ የቤት ስፌት መኪና ላይ ሰካት። ትገባለች። ለምን ትገባለች? መርፌ ሠሪና መኪና ሠሪ ቁጭ ብለው 'ውፍረቷ ይኼን ያህል፣ ጠፍጣፋ ጎኗ በዚህ በኩል' ተባብለው ስለተስማሙ ነዋ! ለድረ ገጽም እንዲሁ የተስማሙበት ደንብ አለ። ከደንቡ ወጥቶ ለአንድ መኪና ብቻ የሚሆን መርፌ የሚቀርጽ ሰው ጌጥ ሠሪ ነው እንጂ የኛ ሰው አይደለም።"

ደንቡን መያዝ ብቻ ግን አያስተኛትም። መደርደሪያዋ ላይ አባላቱ "ሞተብኝ" እያሉ የላኩላት ስልኮች ተደርድረዋል፤ ሁሉንም ነፍስ ዘርታባቸዋለች። ባለ ቁልፉና የክብሪት ቀፎ የሚያህል መስታወት ያለው "ሽማግሌው" ይባላል። ፊቱ እንደ ደረቀ ወንዝ የተሰነጣጠቀው "ጠባሳው" ነው። አንድ ፎቶ እስኪከፍት ባለቤቱ ምሳ በልቶ የሚመለስበት ደግሞ "ዳገት ፈሪ"። ማንኛውም አዲስ ነገር ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። እሱ ካልተቀበለው አይወጣም፤ ልመና የለም፣ ይግባኝ የለም። ልማዱ አባላቱ ዘንድ ከመግባቱ የተነሳ አስተማማኝ ነገር ሲገጥማቸው "ሽማግሌ አይቶታል" ይላሉ፤ ስለ ጨርቅም፣ ስለ እጮኛም።

እንዲህ ሆኖ ሲኖር ችግር መጣ። ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር በነጻ ይሰጣት የነበረው ነጋዴ፣ የእናቱን መኪና ጠግናለት የተዋወቀችው፣ ድርጅቱን ሊዘጋ ሆነ። "እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ በጣም ይቅርታ" አላት። ሌላ ቦታ አለ፤ ግን ይከራያል። ማኅበሩ ደግሞ ካዝና የለውም። ማስታወቂያ አያወጣም፤ ማስታወቂያ ሲጫንበት ዳገት ፈሪ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ኪራዩ ካልተገኘ ያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ጥያቄ፣ መልስና ስድብ ወሩ ሲያልቅ ድራሹ ይጠፋል።

ነገሩ የክር ፋብሪካው ጆሮ ደረሰና ሰው ላኩ። ጨዋ፣ ሽቶ የተቀባ፣ ደረጃው ላይ የኮቱን አንድ ቁልፍ ያስቀረ ሰው።

"እትዬ፣ ኪራዩም ጥገናውም በእኛ ይሁን" አላት። "አዲስ ቤት ሠርተንለታል። ይኸው ይዩት።"

ስልኩን ዘረጋላት። ቀለሙ ይወዛወዛል፣ ክሩ ይሽከረከራል፣ መርፌዋ እንደ ዓሣ ትዋኛለች። መዘውር አፏን ከፍታ አየች፤ ውበት አትጠላም። ከዚያ እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደችና ያንኑ ገጽ በአሮጌው ስልክ ከፈተችው። ሽማግሌው አሰበ፣ አሰበ፣ አሁንም አሰበና "እባክዎ አዲስ ብሮውዘር ይጠቀሙ" የሚል አንድ መስመር ተፋ።

"እሱማ አርጅቷል እኮ" አለ ሰውዬው። "ይቀየራላ!"

"ማን ነው የሚቀየረው?"

"ስልኩ ነዋ፣ እትዬ።"

"ስልኩስ እሺ። የያዘውን ሰውዬ በምን ልቀይረው?"

ሰውዬው ሳቀ። "አስበውበት ይደውሉልኝ" ብሎ በጎኑ ወረደ።

አሰበችበት። አስባም አባላቱን መጀመሪያ መጠየቅ ይሻላል አለች፤ ገጹ የእነሱ ከሆነ ኪራዩንም ትንሽ ትንሽ ያዋጡ።

ታናሽ እህቷ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ድረ ገጽ የምታስውብ፣ ጥፍሯም ሥራዋም የሚያብረቀርቅ ሴት ናት። ሁለቱ እህትማማቾች ስለ ገጹ መልክ ሲነታረኩ ነው የኖሩት። "እታለም፣ ገጽሽ እኮ የሐኪም ማዘዣ ይመስላል" ትላለች ታናሽ። "ያንቺ ደግሞ የሠርግ መኪና" ትላለች ታላቅ። በዚሁ ጉዳይ ተኮራርፈው ከርመው ገና መታረቃቸው ነበር። ታናሽ የመዋጮውን ነገር ስትሰማ ሥራዋን ጥላ መጣች። "ይኼን ገጽ እኔ ነኝ የምሠራልሽ። አንድ ጊዜ እንኳ ፍቀጂልኝ!"

የሠራችው ነገር እንባ ያመጣል። ከላይ "ለዚህ ሁሉ ዘመን አብሮነታችሁ ከልብ እናመሰግናለን" የሚል ጽሑፍ። ከሥሩ እንደ ማለዳ ፀሐይ ብቅ የሚል የመዋጮ ጥያቄ፣ ከጥያቄው ጋር "እኔም ላዋጣ" የሚል ቁልፍ። ጣት ሲነካው ክር ይተረተርና ዓይንህ እያየ አንድ ኪስ ተሰፍቶ ያልቃል።

"እንዴት ነው?" አለች ታናሽ፣ ጥፍሯን እየነከሰች።

መዘውር መደርደሪያውን አየች። እህቷን አየች። "ሽማግሌ ፊት ይቅረብ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። እህቷ ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ በእጇ ሠርታ ያመጣችውን ነገር እንደ ተጠርጣሪ ልታቆመው አልሆነላትም። "ወርቅ ነው፣ እህቴ" አለች። "አውጪው።"

በማኅበሩ ታሪክ ሽማግሌ ሳያየው የወጣ የመጀመሪያው ነገር እሱ ሆነ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ መልእክት መዝነብ ጀመረ። "እኛም እናመሰግናለን!" ይላል አንዱ። "ምስጋናችሁ ደርሶናል፣ ኑሩልን" ይላል ሌላው። "ለምን እንዳመሰገናችሁኝ ባላውቅም ደስ ብሎኛል" ያለም አለ። ገጹ በምስጋና ተጥለቀለቀ፤ ምስጋና ኪራይ ቢሆን ኖሮ ማኅበሩ ሰርቨሩን ትቶ ሕንፃውን በገዛ። መዋጮ የላኩት ግን አዲስ ስልክ የገዛ ልጅ ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

መዘውር ባነበበች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። ሰው ሳይኖረው ሲቀር "የለኝም" ይላል፤ ገንዘብ ሲጠየቅ "አመሰግናለሁ" ብሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይቀልዱብኛል አለች በልቧ። እህቷ በበኩሏ ሰዉ ሥራዬን ጠልቶታል ብላ ቤቷ ተከተተች። ሁለቱም አንዳቸው ለሌላው አልተነፈሱም። ወሩ ሊያልቅ ሲል መዘውር ስልኳን አነሳችና የክር ፋብሪካውን ሰው "ና፣ እንፈራረም" አለችው። ስትዘጋው እጇ የአንድ መኪና መዘውር ላይ እንዳረፈ ቆየ፤ መኪናው ደህና ነበር፣ ያመመው ጠጋኟን ነው።

በቀጠሮው ጠዋት ከሰውዬው ቀድሞ የደረሰው ጋሼ ኮሌታ ነው። ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ።

"አንቺ! ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምታመሰግኚኝ?"

"ምን አልክ ጋሼ?"

"ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር እናመሰግናለን፣ እናመሰግናለን! ምንም አላደረግኩም እኮ! ሰው በዚህ ዕድሜው ያለ ምክንያት ሲመሰገን ይደነግጣል። ልትቀብሩኝ አስባችሁ ነው?"

"ከምስጋናው ሥር ያለውንስ አላየህም?"

"ከሥሩ ምን አለ?"

"ጥያቄ አለ! ቁልፍ አለ! 'እኔም ላዋጣ' የሚል!"

ጋሼ ኮሌታ ስልኩን ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ምስጋናው አለ። ከምስጋናው ሥር ነጭ። እንደ ታጠበ አንሶላ ነጭ።

መዘውር ወደ መደርደሪያዋ ዞረች። ሽማግሌውን አወረደች፤ ነጭ። ጠባሳው፤ በስንጥቅ ያጌጠ ነጭ። ዳገት ፈሪ ብዙ ተጨንቆ፣ ብዙ አቃስቶ፣ እሱም ነጭ። ያች ፀሐይ አሮጌ መስኮት ላይ ጨርሶ አልወጣችም። ወንበሯ ላይ ዘጭ አለችና ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች።

"አልጠየቅናቸውም እኮ! ጋሼ፣ ሳንጠይቃቸው ነው የተቀየምኳቸው! አመስግነናቸው ዝም! እነሱ ደግሞ ጨዋ ናቸው፣ መልሰው አመሰገኑን!"

ለፊርማው ምስክር ልትሆን የመጣችው ታናሽ እህት በሩ ላይ ቆማ የተደረደሩትን ነጫጭ ስልኮች አየች። ለማስረዳት ቃል አላስፈለገም።

"ሽማግሌ ፊት አላቀረብሽውም?"

"አላቀረብኩትም።"

"ለምን?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ።"

"እታለም! ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን ሁሉ ስታንቋሽሺ እንዳይከፋኝ ያላልሽው፣ ደግ መሆን ያማረሽ ዛሬ ነው?"

"ምን ላድርግ፣ መጣብኝ።"

"ሁለተኛ ደግ እንዳትሆኚብኝ! ጠጋ በይ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ታላቅ ስትናገር ታናሽ ትጽፋለች፤ ታናሽ ስትከራከር ታላቅ ትደመስሳለች።

"ፀሐይዋን ላጥፋት?"

"ለምን ታጠፊያታለሽ? መስኮቱ ለቻለ ትውጣለት። መጀመሪያ ግን ጥያቄውና ቁልፉ በተራ ቃል፣ በደንቡ ይቁሙ። ጌጡ ከላይ ይደረባል እንጂ ሸሚዙ ከጌጥ አይሰፋም።"

"ይኼን ስትይ ነው የምወድሽ" አለች ታናሽ። "የገጽሽን ግራጫ ቀለም ግን አልቀበልም።"

በዚህ መሃል የክር ፋብሪካው ሰው ትንፋሹን ይዞ ደረሰ። "ለፊርማው ነበር..." ብሎ ሳይጨርስ መዘውር ዳገት ፈሪን እጁ ላይ አኖረችለት። "ልጄ፣ ይኼን ያዝልኝ፤ ከምስጋናው ሥር የሆነ ነገር ሲመጣ ንገረኝ።" ጋሼ ኮሌታ ደግሞ የጎደለውን የኮት ቁልፍ አይቶ ማለፍ አልቻለም። ኮቱን ሳያስወልቅ ክርና መርፌ ይዞ ገባበት። "አትንቀሳቀስ፣ ደረትህ ላይ ነኝ።"

ሽማግሌው ከፈተ። ጥቁር በነጭ፣ ቁልፉ ቁጭ ብሏል። ጠባሳው ከፈተ፤ ስንጥቁ መሃል ቁልፉ ይታያል። የቀረው ዳገት ፈሪ ነው። ሰውዬው ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

"እያሰበ ነው... አንድ መስመር መጣ... ቆመ... አይ፣ አልቆመም... በርታ እንጂ!"

"አይዞህ በለው" አለ ጋሼ ኮሌታ።

"አይዞህ!... ሁለተኛው መስመር... ከፈተ! ቁልፉ መጣ! እትዬ፣ ከፈተ!"

ዘሎ ተነሳ። መርፌው ወጋው። "ወይኔ!" ሲል ወንበሩ ተገለበጠ፣ ጠረጴዛው ተናጋ፣ የብረት ፔዳል ወለሉ ላይ ወድቆ ታች ካፌው ውስጥ ያሉ ብርጭቆዎች ሁሉ ተንቃጨሉ። ማንም ፔዳሉን አላየውም። አራቱም ሦስቱን ስልኮች ጎን ለጎን አቁመው ሲያዩ ነበር፤ አንድ ገጽ፣ ሦስት መስኮት፣ በሁሉም ያው ቁልፍ። መዘውር በሕይወቷ ብዙ መኪና አስነስታለች፤ ሦስት ባንድ ጊዜ ያስነሳችው ግን ያን ቀን ብቻ መሰላት። "ይኼ ነው ሥራ" አለች እህቷን በክርኗ ገፋ አድርጋ። እህቷም ጥፍሯን ረስታ በጨርቅ የጠባሳውን ፊት ትወለውል ነበር።

ገጹ በወጣ በዚያው ቀን መዋጮው ጀመረ። የመጋረጃ ሰፊዎች፣ የድንኳን ሰፊዎች፣ የዓሣ መረብ የሚጠግኑ ሰዎች፣ ያች በር ላይ እግሯን ትመታ የነበረች ሙሽራ ሳትቀር። "ታዲያ ቀድማችሁ አትናገሩም ነበር?" ይላሉ ሁሉም፣ ከነስድቡ። "እኔማ ከናንተ ምስጋና ሲመጣ አንድ ነገር እንደተበላሸ ጠርጥሬ ነበር" አለ አንዱ። ሳይመሽ ኪራዩ ሞላ፤ ሞልቶም ተረፈ።

"እንግዲህ ፊርማው ቀረ" አለ እዚያው ሲጠብቅ የዋለው የክር ፋብሪካው ሰው፣ የተተከለለትን ቁልፍ እየዳሰሰ።

"ፊርማው ቀረ። አንተ ግን አትቅር። ስለ ክራችሁ የሚጠይቅ በሽ ነው፤ እንደማንኛውም አባል መጥተህ መልስ።"

"ይሳደባሉ እኮ ይባላል።"

"ትለምደዋለህ።"

ከካፌው የመጣለትን ሻይ ጠጣ፣ በገዛ ስልኩ "እኔም ላዋጣ" የሚለውን ተጫነ፣ ኪሱ ሲሰፋ አይቶ ፈገግ አለና በጎኑ ወረደ።

ታች ደግሞ የብርጭቆው መንቃጨል ምን እንደሆነ ሊሰማ ካፌው በሙሉ ጋሼ ኮሌታን እየጠበቀው ነበር። ይህን ያህል አድማጭ ተሰብስቦለት "ፔዳል ወደቀ" ብሎ ብቻ እንዴት ይለፍ? አላለፈም።

በማግስቱ መዘውር ለሻይ ስትወርድ ወሬው ሦስተኛው መኪና ላይ ደርሶ አስፋልቱን እያረሰ ነበር። ጥግ ይዛ ተቀመጠችና እስከ ባንኩ ስልክ፣ እስከ ሕልሙ ድረስ አዳመጠች። ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"ማንም አልተባረረም" አለች። "ሥራ አስኪያጅ የሚባል አልመጣም። የመጣው ልጅ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ መዋጮውን አዋጥቶ በአውቶቡስ ሄደ። ፔዳሉ ራሱ ነው የወደቀው። ስልኩ ስልክ ነው፣ ወንድሜ አይደለም። ማንም አላለቀሰም፤ ተሳደቡ እንጂ። ባንክ አልደወለልኝም። በሕልሜም አልተማርኩም፣ ዓይኔ እስኪቀላ ነው የተማርኩት። እምቢም አላልኩም፤ እሺ ብዬ ደውዬ የጠራሁት እኔው ነኝ። ሰዉ ያዋጣው ገጹ በስልኩ ስለተከፈተለት ነው፣ የከፈትነው እኔና እህቴ ነን፣ አለቀ።"

ጋሼ ኮሌታ እንደ ታጠፈ ኮሌታ አንገቱን ቀበረ። "ታዲያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ እንኳ እውነት የለም?"

"አንድም" አለች መዘውር። "ደረጃው ራሱ እንደሚወራለት ያን ያህል ጠባብ አይደለም።"